የቅርበት ዋጋ

በመሐል አዲስ አበባ የሚሸጥ የቅንጦት አፓርታማ ማስታወቂያን ልብ ብሎ ላነበበ ሰው፣ ከግድግዳው በፊት የሚነገረው ርቀት ነው። «ከመስቀል አደባባይ አምስት ደቂቃ»፤ «ለአፍሪካ ኅብረት እጅግ ቅርብ»፤ «ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ በቀጥታ የሚያወጣ መንገድ»። ስለ መኝታ ክፍሉ ብዛት፣ ስለ ፊኒሺንጉ፣ ስለ ሊፍቱና ስለ ጄኔሬተሩ የሚወራው ቀጥሎ ነው። ሻጩ የሚሸጠውን ያውቃል። ብረትና ሲሚንቶ ከተማው ዳር ቱሉ ዲምቱ ላይም መሐሉ ካዛንቺስ ላይም ያው ብረትና ሲሚንቶ ነው። ዋጋውን ሰማይ የሚያደርሰው ቤቱ ለምን ለምን እንደሚቀርብ ነው። መሐል ከተማ ላይ የሚሸጠው ዋናው ነገር ቅርበት ነው።

ታዲያ ቅርበቱን ማን ሠራው? ስለ አዳዲሶቹ ሰማይ ጠቀስ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚነሳው ክርክር ሁሉ መጨረሻው እዚህ ጥያቄ ላይ የሚያርፍ ይመስለኛል። ብዙውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ መልክ ነው። አንዱ ከተማችን አማረች ይላል፤ ሌላው ያደግኩበት ሰፈር ፈረሰ ብሎ ያዝናል። ሁለቱንም ስሜት አከብራለሁ፤ የሁለቱም ዓይን ግን ያለው ሕንፃው ላይ ነው። ሕንፃው የቆመበት ቦታ ያን ያህል ዋጋ ያገኘው በማን ድካም እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ለገሃርን እንውሰድ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና 30 ዓመቷ ነበር። ዛሬም ቆሞ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1923ቱ የዘውድ በዓል ሰሞን ቆመ፤ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ ከነፃነት በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። መጽሐፍ የሚያነሳው ይህን ነው። ጣቢያው ብቻውን ግን ለገሃርን አልፈጠረም። ጨርቁንና ቆርቆሮውን ከፉርጎ የሚያወርድ ወዛደር አስፈለገ። ወዛደሩን የምታበላ፣ ከድሬዳዋ የመጣውን መንገደኛ የምታሳድር ሴት አስፈለገች። ጫማ የሚጠግን፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሻንጣ የሚሸከም ሰው መጣ። ሰው በበዛበት ሱቅ ተከፈተ፤ ሱቅ ባለበት ታክሲ ቆመ፤ ታክሲ በቆመበት ቢሮ መጣ። «ከለገሃር አምስት ደቂቃ» የሚለው ሐረግ ገንዘብ የሚያወጣው ይህ ሁሉ ሰው መቶ ዓመት ስለተመላለሰበት ነው። አብዛኛው ድሃ ነበር። ለሥራው ያገኘው የዕለት ጉርሱን ነው፤ ቦታው ላይ የጨመረውን ዋጋ የከፈለው የለም።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ ኩባንያ በለገሃር 36 ሄክታር ላይ፣ በ50 ቢሊዮን ብር ገደማ፣ መኖሪያ ማማዎችን፣ ሆቴሎችንና የገበያ ሕንፃዎችን እንደሚገነባ ይፋ ሆነ። ሊቀመንበሩ ሞሐመድ አላባር የዱባዩን ቡርጅ ከሊፋ ያሠራው የኤማር መሥራች ናቸው። በዚያን ጊዜ ከተነገረው ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው የማማዎቹ ቁመት አልነበረም። በቦታው የሚኖሩ ከ1,600 በላይ አባወራዎች ሳይርቁ እዚያው መኖሪያ ያገኛሉ የተባለው ነው። ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን እነዚህ አባወራዎች መሐል ከተማ ላይ እንዴት ሊቆዩ እንደቻሉ ማየት ያስፈልጋል፤ በዓለም ላይ ባሉ ብዙ ከተሞች ድሃው ከመሐል ተገፍቶ ከወጣ ቆይቷልና።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እንደ ጦር ሰፈር ነው። ራሱ ወይም ደጃዝማቹ ጉብታው ላይ ይሰፍራል፤ ወታደሩ፣ ሎሌው፣ ወጥ ቤቷ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ልብስ ሰፊው ዙሪያውን ቁልቁል ይሰፍራሉ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው ሁሉ የዚያ አሰፋፈር ልጆች ናቸው። ይህን የእኩልነት ዘመን አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ጌታ ጌታ ነበር፣ ሎሌ ሎሌ ነበር፤ የበታቹ ጉልበት የበላዩ ሀብት ነበር። ሆኖም የጌታው ደጅና የሎሌው ደጅ አንድ ጭቃ ይረግጡ ነበር። ጌታው በበቅሎ ሲወጣ የድሃውን ልጅ ማየት ግዴታው ነበር፤ ሲሞትም ያ ድሃ ደረቱን እየመታ ያለቅስለት ነበር። ሀብታምና ድሃ ሳይተያዩ ሊውሉ የሚችሉበት ከተማ አልተሠራም ነበር።

ይህ ድብልቅ እስከ ዛሬ የቆየው በአብዛኛው በአንድ ሕግ ምክንያት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የተወረሱት ትናንሽ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩ እጅግ ዝቅ ብሎ ተተመነ፤ ለዐሥርት ዓመታትም ከዚያው ሳይርቅ ቆየ። ያ ገንዘብ ጣሪያ ማደስ አይችልም ነበር። ተከራዩ የእኔ ነው ብሎ አላደሰው፣ ቀበሌውም አቅም አላገኘ፤ ጭቃው ተላጠ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ መጸዳጃው ለአሥርና ለአሥራ አምስት ቤተሰብ አንድ ሆነ። ያው ሕግ ግን በጉልበቱ የሚያድረውን ሰው ከሥራው፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከሆስፒታሉ ጥቂት እርምጃ ላይ አኖረው። የቀበሌ ቤት ነዋሪ የነበረው ሀብት ግድግዳው አልነበረም። ሀብቱ ቦታው ነበር፤ በእግር ሄዶ የሚሠራበት፣ በዱቤ የሚወስድበት፣ ሲታመም በሰው ትከሻ ሆስፒታል የሚደርስበት ቦታ።

የዱቤን ነገር በደንብ ማየት ይገባል። የሰፈር ሱቅ ባለቤት ጠረጴዛው ሥር ያስቀመጠው ጥግ ጥጉ የተጠቀለለ ደብተር አለ። ስም፣ ከዚያ «ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር ግማሽ»፣ ከዚያ ቁጥር፤ ደመወዝ ሲገባ በእስክሪፕቶ ይሰረዛል። ፊርማ የለም፣ ዋስ የለም፣ ወለድ የለም። ይህን ደብተር የሚያስኬደው መተያየት ነው፤ ባለዕዳው ነገ ጠዋት በዚያው በር ፊት ለፊት ማለፉ አይቀርም። ዱቤ በአሥር ኪሎ ሜትር ርቀት አይሠራም። ሰውየውን 30 ኪሎ ሜትር ርቆ የተሻለ ቤት ውስጥ ብታስገቡት ቤቱን ሰጥታችሁት ይህን ብድር ወስዳችሁበታል፤ የትኛውም የካሳ ቅጽ ላይ ደግሞ የዱቤ ደብተር የሚሞላበት መስመር የለም።

ከካዛንቺስ ተነሥተው ከተማው ዳር ምትክ ቤት ያገኙ አንዲት እናት ጠይቄ ነበር። ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ምሳ እያበሰሉ ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። አዲሱን ቤት አስጎበኙኝ፤ የራሳቸው ሽንት ቤት፣ የራሳቸው ቧንቧ፣ ንጹሕ ሲሚንቶ ወለል። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ ቧንቧውን ከፍተው አሳዩኝ። ከዚያ ጥግ ላይ የተደረደሩትን የፕላስቲክ ወንበሮች እያዩ፣ «እንዴት ነው ሥራው እማማ?» ስላቸው፣ «ግድግዳውንማ ምን እለዋለሁ ልጄ፤ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ እንጂ» አሉኝ። ምሳ በልቶ የሚመለስ ሠራተኛ በዚያ አካባቢ የለም። የሚያበስሉት እጆች እዚያው አሉ፤ ለእጆቹ ዋጋ ይሰጥ የነበረው ቦታ ግን ቀርቷል።

የፈረሱትን መንደሮች የሚያሞካሽ ጽሑፍ ስለበዛ አንድ ነገር ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። ዶሮ ማነቂያ ወይም እሪ በከንቱ ክረምት የገባ ሰው፣ ጎርፍ ከደጅ ሲያልፍና ጣሪያ ሥር ባልዲ ሲደረደር ያየ ሰው፣ እነዚያ ቤቶች ባሉበት ይቆዩ ሊል አይችልም። ሕፃን ልጅ በጨለማ ለመጸዳዳት ሃምሳ ሜትር መሄዱ ባህል አይደለም። ወደ ላይ መሥራትን የሚጠላ ሰውም አዲስ አበባ ወደ ጎን ስትሰፋ የማንን ማሳ እንደበላች ያስብ። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ዕጣ በወጣ ጊዜ በኦሮሚያ ከተሞች የተነሣው ተቃውሞ፣ ከተማ ዳር የሚሠራ እያንዳንዱ ብሎክ ሥር የገበሬ መሬት እንዳለ ያስታወሰ ነበር። ቁመት ስለዚህ ጠላት አይደለም። ትንሽ መሬት ላይ ብዙ ሰው ማኖር የሚያስችል ትልቅ ብልሃት ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ያ ብልሃት ጥቂት ሰው ለማኖር መዋሉ ነው።

ጥቂት ሰው ስል የዋጋውን ጉዳይ ማለቴ ብቻ አይደለም። በአዳዲሶቹ ሕንፃዎች ብዙ መስኮት ማታ መብራት የለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የብር አቅም ዓመት በዓመት ሲሳሳ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ቤት ሸሸ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ የሸሸው ሁሉ ትክክል እንደነበረ ተረጋገጠ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ወገናችን ለጡረታዬ ብሎ ይገዛል፤ ዱባይ የሚሠራው ይገዛል፤ በ2017 የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ከ150 ሺህ ዶላር ጀምሮ ለሚያወጣ የውጭ ዜጋም በሩን ከፍቷል። አንዳቸውንም አልወቅስም፤ ላባቸውን ከመቅለጥ ማዳን መብታቸው ነው። ነገር ግን ቤት የገንዘብ ማስቀመጫ ሲሆን ሰው ቢኖርበትም ባይኖርበትም ሥራውን ይሠራል። እንዲያውም ያልተገባበት ቤት አዲስነቱን ይጠብቃል።

የአክሱም ሐውልቶች ትዝ ይሉኛል። የመጀመሪያዎቹ ፎቆቻችን እነርሱ ናቸው ማለት ይቻላል። ከሮም ተመልሶ የቆመው 24 ሜትር ይሆናል፤ ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ 33 ሜትር ገደማ ነበር። ጠራቢዎቹ ከአንድ ድንጋይ ላይ ፎቅ በፎቅ መስኮት አውጥተውለታል፣ የወለል አግዳሚዎቹን ጫፍ ሳይቀር ቀርጸዋል፣ ከግርጌው በር ከነመቆለፊያው ሠርተዋል። በሩ አይከፈትም፤ መስኮቱ ብርሃን አያስገባም። ለሙታን ክብር የቆመ ቤት ነውና ማንም እንዲኖርበት አልታሰበም፤ ሙያውም ክብሩም እዚያ ላይ ነው። በሕያዋን ከተማ መሐል፣ ሕያው ሰው ተነሥቶ በተለቀቀ መሬት ላይ፣ ማንም የማይገባበት ፎቅ ስናቆም ግን ምን እያከበርን ነው?

የሚኖርበትስ ፎቅ? እዚህ ላይ ስለ ጉርብትና ማሰብ ግድ ይላል። ወዳጅን ሰው ይመርጣል፤ ጎረቤትን አይመርጥም። ጎረቤት ደጃፍህ ላይ የተገኘ ሰው ነው፤ ትወደውም አትውደደው፣ ልጁ ሲታመም ትሰማለህ፣ ቤትህ ሲቃጠል መጀመሪያ የሚደርሰው እርሱ ነው። የእድር ታላቅነቱ እዚህ ላይ ነው። እድር ሰውን በሃይማኖቱ፣ በገቢው ወይም በጠባዩ ሳይመርጥ፣ አንድ መንደር ውስጥ በመገኘቱ ብቻ ቀብርህ የእኔ ነው ይለዋል። ሹሙም ዘበኛውም እኩል መዋጮ ያዋጣሉ፤ ሲሞቱም በአንድ ድንኳን ይለቀስላቸዋል። የቅንጦት ማማው ደግሞ ጎረቤትን በዋጋ አስቀድሞ ያጣራል። ይህን ያህል ሚሊዮን መክፈል የቻለ ሰው ብቻ ደጃፍህ ላይ ይገኛል። ለገዢው የሚቀርብለትም አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ጥበቃ፣ ካሜራ፣ በካርድ የሚከፈት በር፣ ያልጠበቅከውን ሰው የማታገኝበት ሊፍት።

አንድ ወዳጄ እንዲህ ባለ ሕንፃ 14ኛ ፎቅ ላይ ሲኖር እናቱ አረፉ። የድሮው ሰፈር እድር እንደ ደንቡ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን በአይሱዙ ጭኖ መጣ። በሩ ላይ ጥበቃው አቆማቸው። የሕንፃው አስተዳዳሪ ወርዶ መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን መትከል በውሉ እንደማይፈቀድ በትሕትና ነገራቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውሉም የሚለው እንዲያ ነበር። በመጨረሻ ድንኳኑ ከመንገዱ ማዶ፣ ገና ባልተገነባ ቦታ አጥር ሥር ተተከለ። ቤት ድረስ ወጥተው ማጽናናት የፈለጉ ሽማግሌዎችና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናቶች መታወቂያቸውን እያስመዘገቡ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ሊፍቱን ጠበቁ። የእድሩ ዳኛ የመንጃ ፈቃዳቸውን ዘበኛው እጅ ትተው ሲገቡ አይቻለሁ። ሠልስቱ ሲያበቃ ወዳጄ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም፤ ቤቱን ግን በዓመቱ አከራይቶ ወጣ።

በመንግሥት የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ብዙ ጉድለት አለባቸው፤ ውሃቸው አራተኛ ፎቅ አይደርስም፣ ግድግዳቸው ይሰነጠቃል። ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲነደፉ አንድ ሰው ትልቅ ነገር አስቦ ነበር። በየግቢው ከብሎኮቹ ተለይቶ ዝቅ ያለ የጋራ ቤት ተሠራ፤ ሰው «ኮሚናል» ይለዋል። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለቅሶም ሲመጣ የሚቀመጡበት ነው። ያ ነዳፊ ሰው ፎቅ ላይ ቢወጣም ፋሲካ እንደሚመጣበት፣ ሞትም እንደሚመጣበት ያውቅ ነበር። በቅንጦት ማማዎቹ ንድፍ ላይ ጂም አለ፣ መዋኛ አለ፣ የልጆች መጫወቻ አለ። ሐዘን የተመደበለት ካሬ ሜትር አላየሁም።

ሕጋችን ይህን ኪሳራ ጨርሶ አላየውም ማለት ግን አልችልም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለንብረት ከሚከፈለው ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል። ይህን ድንጋጌ መጀመሪያ ሳነብ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ጉርብትና ቢበጠስ ጉዳት ነው ብሎ በሕግ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አዋጁ በዋናነት የሚያስበው ባለይዞታውን ነው፤ መሐል ከተማን የሞላው የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን ይዞታ የለውም፤ ለእርሱ የሚሰጠው ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ትስስር በገንዘብ ሲተመን እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ እድር ግን የሰዎች ድምር ስላልሆነ ለአባላቱ ሁሉ በየኪሳቸው ብትከፍሉ ለእድሩ አልከፈላችሁም። የተበጠሰውን ሊቀጥል የሚችለው ሰዎቹን አንድ ላይ ማቆየት ብቻ ነው።

እንግዲህ አባወራዎቹ እዚያው መኖሪያ ያገኛሉ ወደተባለው የለገሃር ቃል እንመለስ። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አልሚው የሚያገኘው ሊዝ ነው፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ሊዝ 99 ዓመት ነው። ባለቤቱ ሕዝብ ከሆነ ውሉ ላይ ቅድመ ሁኔታ ማስገባት ይችላል። የቦታው የቀድሞ ተከራዮች እዚያው ይኑሩ፤ ምድር ቤቱ ላይ ጉልት ነጋዴዋና ምሳ አብሳይዋ የሚከራዩት ጠባብ ሱቅ ይኑር፤ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ይኑር። ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ መሬቱ ውድ ነው፣ አያዋጣም የሚል ነው። እስቲ ይሰላ። ከ1,600 ቤተሰብ ለእያንዳንዱ 50 ካሬ ሜትር ቢሰጠው 80,000 ካሬ ሜትር ወለል ነው። 20 ፎቅ ላይ ሲደረደር የሚያርፍበት መሬት 4,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለደረጃው፣ ለኮሪደሩ፣ ለሱቆቹና ለድንኳኑ ሜዳ ተብሎ እጥፍ ቢደረግ 8,000 ይሆናል፤ አንድ ሄክታር አይሞላም። ከ36 ሄክታር ውስጥ የቀረው 35 ሄክታር ከነመዋኛውና ከነጂሙ ለገዢው ነው።